ከጎሃ ላይ ሆኖ መብራት ማየት፦ ስለ ፕሮስቴት ካንሰርና ስለ ፔት ስካን ጎንደር ላይ ያወራሁት

እንደምን ዋላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጎንደር ለተሰበሰቡ አባቶችና ልጆቻቸው ያወራሁትን ጻፍልን ብላችሁኝ ነበር። በቃል ያልኩትን ነው ከሞላ ጎደል የማስቀምጠው፣ መሀል ላይ መብራት ሄዶ ማይኩ ስለጠፋ ከኋላ የተቀመጡት ግማሹን አልሰሙም፣ እነሱም ያንብቡት ብዬ ነው። እኔ ሥራዬ ምስል ማንበብ ነው፣ ሲቲ፣ ኤምአርአይ፣ አልትራሳውንድ ስመለከት ነው የምውለው፣ ፔት ስካን ደግሞ ውጭ በነበርኩበት ጊዜ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ አዳራሹን አንድ ነገር ጠየቅኩ፣ ሐኪም ካንሰር አለብህ ቢልህ ቀጥለህ ምን ትጠይቃለህ አልኩ። አንዱ "መዳኛ አለው ወይ" አለ፣ አንዱ "ስንት ያስወጣል" አለ፣ አንዲት እናት ደግሞ ከፊት ሆነው "የት ድረስ ሄዷል ነዋ!" አሉ። እኔም የመጣሁት ለሳቸው ጥያቄ ነው። ፕሮስቴት ላይ እኮ አለ የለም የሚለው ጥያቄ ግማሽ መንገድ ነው፣ ዋናው ጣጣ የት ደርሷል፣ ምን ያህልስ ከፍቷል የሚለው ነው።

ለምን በሉኝ። ፕሮስቴት ማለት ከሽንት ፊኛ ሥር የምትቀመጥ ትንሽዬ ዕጢ ናት፣ የሽንት ቱቦው መሀሏን ሰንጥቆ ነው የሚወርደው። ዕድሜ ሲገፋ ታብጣለች፣ ስታብጥ ቱቦውን ትጫናለች፣ ያን ጊዜ ነው ማታ አራት አምስቴ መነሳት፣ ሽንት ጀምሮ መቆራረጥ ምናምን የሚመጣው። ይሄ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ ይሄን ያዙልኝ። ካንሰሩ ደግሞ ራሱ ሁለት ዓይነት ፀባይ አለው። አንዱ ሰነፍ ነው፣ ሰውዬው ሰማንያ ዘጠና ዓመት ኖሮ በሌላ ነገር ሲያልፍ ካንሰሩ አብሮት ይቀበራል፣ አንድም ቀን አላስቸገረውም። ሌላው ግን መጀመሪያ ንፍፊት ውስጥ ይገባል፣ ከዛ አጥንት ላይ ይወጣል፣ ዳሌ፣ አከርካሪ፣ ጎድን። ሁለቱም ስማቸው አንድ ነው፣ ወረቀት ላይ ሁለቱም ፕሮስቴት ካንሰር ተብለው ነው የሚጻፉት። ሰነፉን እንደ ክፉው ካከምከው ሰውዬውን በከንቱ ሽንት መቆጣጠር አሳጣኸው፣ ወንድነቱን ነካህበት፣ ክፉውን ደግሞ እንደ ሰነፍ ካየኸው ቀደመህ።

አጎቴን ላንሳ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ አዘዞ ነው ቤቱ። ወገቤን አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ብርድ ነው አልን፣ እኔንም ጨምሮ፣ እኔ የምስል ሐኪም ሆኜ! አንድ ክሊኒክ ማስታገሻ ይሰጠው ነበር፣ እያለቀ ሲሄድ እየደገሙለት፣ ሰባት ወር እንደዛ ሄደ። በመጨረሻ እግሩ ሲዝል ነው ደም አስመርምር ያልኩት፣ ፒኤስኤው መቶን አልፎ ወጣ። የወገቡ ሕመም ወገብ አልነበረም፣ ከፕሮስቴት የተነሳው ካንሰር አከርካሪው ላይ ተቀምጦ ነው። ይሄን የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ አይደለም፣ ዕድሜው የገፋ ወንድ የወገብ ሕመሙ ሌሊት የሚብስ ከሆነና አልለቅ ካለ ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት ነው።

ፒኤስኤ ያልኩት የደም ምርመራ ነው፣ ፕሮስቴት የምትሠራው ፕሮቲን ደም ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ነው የሚለካው። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1986 በሽታውን ለመከታተል፣ በ1994 ደግሞ ለማወቅ እንዲረዳ ፈቀዱት። በተለምዶ ከ4 በላይ ሲሆን ሰው ይደነግጣል፣ ግን ፕሮስቴት ስታብጥም ይጨምራል፣ ስትቆጣም ይጨምራል፣ የሽንት ቱቦ ከገባልህም ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤስኤ ጭስ ነው፣ ጭስ ያየ ሰው ቤት ተቃጠለ ብሎ አይጮህም፣ ጎረቤት ቡና እየተቆላ ሊሆን ይችላል።

ከዛ ናሙና ይወሰዳል፣ በቀጭን መርፌ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 ቦታ። ናሙናውን ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ግሊሰን ይባላል፣ ዶናልድ ግሊሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1966 ያወጣው ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ የኔ ሰባት ነው ተብያለሁ፣ ከአስር ሰባት ማለፊያ አይደለም ወይ?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል፣ ልጃቸው እንኳ አላስረዳቸውም። እሺ አባባ አልኩ፣ ይሄ ፈተና የተገላቢጦሽ ነው፣ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ነው የሚከፋው። ሴሎቹ ተሰልፈው፣ ዕጢ የሚመስል ቅርጽ ይዘው ከቆሙ 3 ይባላሉ፣ ሰልፉ ተበትኖ እርስ በርስ ከተደባለቀ 4፣ ጭራሽ ቅርጽ ከጠፋ 5። ፓቶሎጂስቱ በብዛት ያየውንና ቀጥሎ ያየውን ይደምራል። አሁን ባለው አሠራር ከናሙና የሚመጣው ትንሹ 6 ነው፣ ትልቁ 10። ሰባት ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰባት አለ፣ 3 ሲደመር 4 እና 4 ሲደመር 3። ድምሩ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን አንድ አይደለም፣ የመጀመሪያው አብዛኛው ሰልፈኛ ነው፣ ሁለተኛው አብዛኛው የተበተነ ነው፣ እሱ ይከፋል። ወረቀታቸውን ተቀብዬ አየሁት፣ ምን እንደሆነ ለሳቸው ለብቻቸው ነገርኳቸው፣ እዚህ አልጽፈውም።

መርፌ ግን ዕውር ነው። 12 ቦታ ወግቶ ክፉዋን ጥግ ሊስታት ይችላል። ደሞ ናሙና የሚነግርህ ፕሮስቴቷ ውስጥ ስላለው ነው፣ ከግቢው ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ስለገባው ምንም አይልህም። ለሱ ድሮ የነበረን ሲቲና የአጥንት ስካን ነው። ሲቲ ቅርጽ ያያል፣ ንፍፊት ካላበጠ በቀር ንጹህ ነው ይልሃል፣ ውስጡ ካንሰር ኖሮ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ያልፈዋል። የአጥንት ስካን ደግሞ ካንሰሩን ሳይሆን አጥንቱ ለካንሰሩ የሰጠውን ምላሽ ነው የሚያየው፣ አጥንቱ ሲጠገን ቀለሙን ይወስዳል፣ ድሮ የተሰበረ ጎድንም፣ የተበላ መገጣጠሚያም ሲጠገን እንደዛው ይወስዳል።

አሁን ወደ ዋናው። ጎሃ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ቀን ከሆነ ከላይ ሆናችሁ ቆርቆሮ ጣራ ታያላችሁ፣ ግንቡን ታያላችሁ፣ መንገዱን ታያላችሁ፣ የትኛው ቤት ሰው እንዳለበት ግን አታውቁም። ሲቲ እንደዛ ነው። ማታ ውጡ ደግሞ፣ ጣራው ይጠፋና መብራት ብቻ ይቀራል፣ የት ሰው እንዳለ፣ የት ግርግር እንዳለ፣ የት አንድ አምፖል ብቻ እንደሚብለጨለጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፔት ስካን ማታ ነው። ፔት እና ሲቲ በአንድ ማሽን ሲነሱ ቀኑና ማታው ይደራረባሉ፣ መብራቱ የየትኛው ቤት እንደሆነ ታውቃለህ።

አምፖሉን ማን ሰቀለው? የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ቆዳው ላይ ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን ያበዛል፣ ከፒኤስኤ ጋር አታምታቱት፣ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ሌላ ነገር ነው፣ ፒኤስኤ ወደ ደም ይወጣል፣ ፒኤስኤምኤ ግን ሴሉ ግድግዳ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ካንሰሩ ላይ ከጤነኛው ፕሮስቴት ብዙ እጥፍ ነው፣ መቶ እጥፍና ከዛም በላይ ይሆናል። እዚህ ፕሮቲን ላይ ሄዳ የምትጣበቅ ትንሽ ሞለኪውል ተሠራች፣ ጀርባዋ ላይ ጋሊየም 68 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር ይጫናል፣ ከዛ በክንድ ደም ሥር ይወጋል። አንድ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ፣ ውሃ ትጠጣለህ፣ ሽንት ትሸናለህ፣ ትተኛለህ፣ ማሽኑ ከራስ ቅል እስከ ጭን ያነሳሃል። ጋሊየሙ ሲፈርስ ፖዚትሮን የሚባል ቅንጣት ይተፋል፣ ፖዚትሮኑ አጠገቡ ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ በምትካቸው ሁለት የጨረር ብልጭታ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዛ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይፈተለካሉ። ማሽኑ ክብ ነው፣ ሁለቱን እኩል ሲይዛቸው መሀላቸው መስመር ያሰምራል፣ መስመሩ በሚሊዮን ሲቆጠር የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ እሳቱ አለ ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄን የሠሩትን ሰዎች ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

እስካሁን የት የሚለውን ነው የመለስኩት። ምን ያህል ከፋ የሚለው የሚመጣው ከድምቀቱ ነው። ኤስዩቪ የሚባል ቁጥር አለ። የተወጋኸው መድኃኒት ሰውነትህ ላይ እኩል ቢሰራጭ ኖሮ ሁሉም ቦታ 1 ይሆን ነበር፣ አንድ ቦታ 12 ካለ ከድርሻው አሥራ ሁለት እጥፍ ወስዷል ማለት ነው። በጥቅሉ ሴሎቹ በተበተኑ ቁጥር፣ ማለትም ግሊሰን ከፍ ባለ ቁጥር፣ ፒኤስኤምኤውም ይበዛል፣ ቦታው ይደምቃል። አውስትራሊያኖች ፕሮስቴት ውስጥ ያለውን ቦታ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡበት መንገድ አውጥተዋል፣ ድምቀቱ 12 ከደረሰ 5 ይሰጠዋል፣ ያ ሰው ላይ መታከም ያለበት ካንሰር የመኖሩ ነገር ብዙም አያጠራጥርም። ሌላው መለኪያ ደግሞ ከራስህ አካል ጋር ማወዳደር ነው፣ ከደም ይደምቃል? ከጉበት ይደምቃል? ከምራቅ ዕጢ ይደምቃል? ይሄን እወደዋለሁ፣ ማሽኑ ቢለያይ እንኳ ጉበትህ ያው ጉበትህ ነው።

አንድ ጥናት ብቻ ልጥቀስ፣ በ2020 ላንሴት ላይ የወጣ፣ እሱም የአውስትራሊያ ነው። ካንሰሩ ክፉ ሊሆን ይችላል ተብለው የተፈሩ 302 ወንዶችን ለሁለት ከፈሏቸው፣ ግማሹ መጀመሪያ ሲቲና የአጥንት ስካን፣ ግማሹ መጀመሪያ የፒኤስኤምኤ ፔት። የድሮው መንገድ ትክክለኛነቱ 65 በመቶ፣ የፔቱ 92 በመቶ ሆነ። እኔን የበለጠ የያዘኝ ሌላው ነው፣ ፔቱን ካዩ በኋላ ሐኪሞቹ ሊያደርጉት ያሰቡትን ሕክምና የቀየሩት 28 በመቶ ሰው ላይ ነው፣ በድሮው መንገድ 15 በመቶ ላይ። ምስል ቆንጆ ቢሆን ምን ይጠቅማል፣ የሐኪሙን እጅ ካልቀየረ!

እዚህ ላይ ደረስን ስል ነው መብራቱ የሄደው፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ አዳራሹ ጨለመ፣ ሰው ስልኩን አበራ። እኔም አጋጣሚውን ተጠቀምኩበት፣ አሁን አንድ ሰው ጎሃ ላይ ሆኖ ቢያየን እዚህ ሰው የለም ይላል አልኩ። ፔት ላይም ይሄ አለ። የተወሰነ የፕሮስቴት ካንሰር ፒኤስኤምኤ አያወጣም፣ ከአሥር ሰው አንድም የማይሞላ ነው ግን አለ። የሚያስፈራው ደግሞ አንዳንዴ ካንሰሩ እጅግ ሲከፋ፣ በተለይ ለረጅም ጊዜ ሆርሞን የሚያጠፋ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ፀባዩን ቀይሮ ፒኤስኤምኤውን ያጠፋል፣ ጨለማ ይሆናል። ያን ጊዜ ፒኤስኤውም ላይጨምር ይችላል። ሰው እየከሳ፣ ጉበቱ እየተነካ፣ የፒኤስኤምኤ ምስሉ ንጹህ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በስኳር የሚሠራውን ሌላውን ፔት ጨምረህ ታያለህ፣ የዛ ዓይነቱ ካንሰር ስኳር ይበላል። ደማቅ ሁሉ ክፉ፣ ጨለማ ሁሉ ደህና የሚል ሰው ምስል አያንብብ።

በሌላ በኩል ሁልጊዜ የሚበሩ ቤቶች አሉ፣ ኩላሊት፣ የምራቅ ዕጢ፣ የእንባ ዕጢ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ። እነሱ በተፈጥሯቸው ፒኤስኤምኤ አላቸው። ፊኛም ይበራል ምክንያቱም መድኃኒቱ በሽንት ይወጣል፣ ሽንት ሸንታችሁ ግቡ የምንለው ለዚህ ነው፣ ፊኛው ባዶ ካልሆነ ብርሃኑ አጠገቡ ያለችውን ፕሮስቴት ይውጣታል። ጎድን ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለች ነጠብጣብ ትታያለች፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለችም፣ ጀማሪ አንባቢ ግን አጥንት ላይ ወጥቷል ብሎ ይጽፋል። እኔ ራሴ ስማር ጽፌያለሁ፣ ደግነቱ አስተማሪዬ ሳይፈርም አየውና "ይሄ ሰው ከወር በፊት ከደረጃ ወድቋል፣ ፋይሉን አላነበብክም" አለኝ። አፈርኩ። ከዛ ወዲህ ፋይል ሳላነብ ምስል አልከፍትም።

አንድ ወጣት፣ የሕክምና ተማሪ መሰለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፣ በድሮው ማሽን ንጹህ የነበረ ሰው በአዲሱ ሦስት ነጠብጣብ ቢታይበት በሽታው ባሰ ማለት ነው ወይ አለ። አይደለም። በሽታው እዛው ነው፣ የተቀየረው ዓይናችን ነው። ስለዚህ በፔት ብቻ የታየች ትንሽ ነጠብጣብ በድሮ ጊዜ በሲቲ ከታየች ትልቅ እብጠት ጋር እኩል አትመዘንም፣ ሐኪሞችም እስከ ዛሬ ሕክምናውን ምን ያህል ልቀይር በሚለው ላይ ይከራከራሉ። እኔ ወደ ጥንቃቄው ነኝ፣ ያየሁትን ሁሉ በጨረር ካላጠፋሁ የሚለው ጥድፊያ አይገባኝም።

ከምስሉ የተወለደ ሕክምናም አለ። ያቺው ሞለኪውል ጀርባዋ ላይ ጋሊየም አውርደህ ሉቴሺየም 177 ብትጭንባት ማሳየቱን ትታ መምታት ትጀምራለች። አሜሪካ በ2022 ፈቀደው። የተፈቀደበት ጥናት 831 ሰው ነበረው፣ ሌላው ሕክምና ሁሉ ያቃታቸው፣ የተለመደው ሕክምና ብቻ ያገኙት ከዛ በኋላ በመካከለኛ ግምት 11.3 ወር ኖሩ፣ ሉቴሺየም የተጨመረላቸው 15.3 ወር። አራት ወር ነው፣ ተአምር አይደለም፣ ግን አባትህ ከሆነ አራት ወር አራት ወር ነው። አፍ ያደርቃል፣ ለምን ቢባል የምራቅ ዕጢ ሁልጊዜ ይበራል ብዬ የለ? ብርሃን ባለበት መድኃኒቱም ይሄዳል። ስለዚህ ይሄን ሕክምና ለማን እንስጥ የሚለውን የሚወስነው ምስሉ ነው፣ ቦታው ከጉበት ካልደመቀ መድኃኒቱን መስጠት ውሃ ላይ መጻፍ ነው።

እሺ እኛስ? ይሄን ጥያቄ ሳልጠብቀው አልቀረሁም፣ አንድ አባት "አንቱ ሲያወሩት ደስ ይላል፣ እኛ ግን ከዚህ አዲስ አበባ ለጨረር ወረፋ ስንጠብቅ ነው የምናልቅ" አሉ። ልክ ናቸው፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አጥንቱ የታመመ ሰው ይዘህ በመኪና ሄደህ ሞክረው። ለብዙ ዓመት በጨረር ለመታከም የነበረው ቦታ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጋሊየም 68 ግማሹ በ68 ደቂቃ ያልቃል፣ ከሩቅ ሠርተህ አትልከውም፣ እዛው ሕንፃ ውስጥ ነው ጄኔሬተር ከሚባል ዕቃ የሚታለበው፣ የመብራቱን ጄኔሬተር ማለቴ አይደለም። ጄኔሬተሩ ውስጥ ያለው፣ ጋሊየሙን የሚወልደው ጀርማኒየም ግን 271 ቀን ነው ግማሽ ዕድሜው፣ አንድ ዕቃ ወራት ታልበዋለህ፣ ላም በለው። እኔ ተስፋ የማደርገው ግን ቴክኒሺየም 99ኤም በሚባል ሌላ ራዲዮአክቲቭ ነገር ላይ ነው። ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው፣ ለታይሮይድና ለአጥንት የምንጠቀምበት እሱው ነው፣ ፔት ማሽን አይፈልግም፣ በጋማ ካሜራ ይሠራል፣ ፒኤስኤምኤ የምታገኘዋም ሞለኪውል በሱ ተዘጋጅታ ብዙ አገር ላይ ትሠራለች። ትንንሿን ንፍፊት እንደ ፔት አያሳይም፣ እሱን መካድ አልችልም፣ አጥንት ላይ ተሰራጭቷል አልተሰራጨም ለሚለው ግን በደንብ ይረዳል። ፔት እስኪመጣ ብለን ዓመታት ከምንቀመጥ ለዚህ ብንሮጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ከሱም በፊት ደግሞ ፒኤስኤና በሥርዓት የተጻፈ የፓቶሎጂ ወረቀት። አባቱ ወይ ወንድሙ የነበረበት ሰው ሃምሳን ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ ሐኪም ያማክር፣ የኛ ጥቁሮች ዘር ላይ ደግሞ በሽታው ይበረታል።

መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ እነዛው ጋቢ የለበሱት አባት ናቸው። "ልጄ፣ ይሄ የምትወጉት ነገር ጨረር አለው አልክ፣ የልጅ ልጆች አሉኝ፣ ጭኔ ላይ ነው የሚውሉ፣ እንዴት ልሁን?" አሉ። በ2020 የወጣው የአውስትራሊያው ጥናት ላይ የፔቱ ጨረር 8.4 ሚሊሲቨርት ነበር፣ የሲቲውና የአጥንት ስካኑ አንድ ላይ 19.2፣ ስለዚህ ያነሰ ነው እንጂ የበዛ አይደለም አልኳቸው። ከዛ ቆጠርንላቸው፣ በጣታቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢወጉ፣ አራት ሰዓት ከስምንት ላይ ግማሽ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሩብ፣ ከቀኑ ስምንት ተኩል አካባቢ ከመቶ ሦስት እጅ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያዎቹን ሰዓቶች ሕፃን አይቀፉ፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ ሽንት ቤት ውሃ ያፍሱበት።

ጣታቸውን ቆጥረው ጨረሱና "እንግዲያ ለማታው ቡና እደርሳለሁ" አሉ።